ክራሩ ወደ ድምፄ ሲወርድ፦ ከሃምሳ በኋላ መዝፈን ለምትፈልጉ

ከመድረክ ስወርድ ጠጋ ብለው የሚያናግሩኝ ሰዎች አሉ። አብዛኞቹ በኔ ዕድሜ ያሉ ናቸው። «በወጣትነቴ ድምፄ ጥሩ ነበር፣ አሁን ግን አለፈኝ» ይሉኛል። ይህን የምጽፈው ለነሱ ነው። የማውቀው መሀል አዲስ አበባን ስለሆነ የማወራውም ስለዚያው ነው፤ ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ፣ ከስታዲየም እስከ ዑራኤል።

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ፋይል ሳወጣና ስመልስ ነው ዕድሜዬ ያለፈው። ተከፍሎኝ በሰው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የዘፈንኩት በሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ዛሬ ስልሳ ሁለት ሆኖኛል። ጡረታ ወጥቻለሁ። ዓርብና ቅዳሜ ማታ ቋሚ ሥራ አለኝ፣ ለሠርግና ለመልስም ይጠሩኛል። በራሴ ስም የወጡ ዘፈኖች አሉኝ፤ ታክሲ ውስጥ ተከፍተው ሰምቻቸዋለሁ። ጡረታው የማይደርስበትን የቤት ኪራይ ዘፈኑ ይከፍላል። ተሳካልኝ ስል ይህን ማለቴ ነው።

እናቴ የወሎ ሰው ነበረች። ጥጥ ስትፈትል ታንጎራጉራለች። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ የአሜሪካ የካንትሪ ዘፋኞች ካሴቶች ነበሩት፤ የጂም ሪቭስ፣ የኬኒ ሮጀርስና የዶን ዊልያምስ። የኔ ዘመን የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ያውቃል፤ እንግሊዝኛው በቅጡ ሳይገባን ሆዳችን ይባባ ነበር። ካንትሪ የገበሬ፣ የሹፌር፣ የተለያዩ ባልና ሚስት ዘፈን ነው። የእናቴም እንጉርጉሮ ያው ነበር። ሁለቱም መሣሪያውን ዝቅ አድርገው ታሪክ ያወራሉ። ሁለቱም ደግሞ ከኖረ ሰው አፍ ሲወጡ ያምርባቸዋል። የሃያ ዓመት ልጅ ትዝታን አሳምሮ ሊዘፍን ይችላል። የሚያስታውሰው ነገር ግን ገና ብዙ አይደለም።

ለዚህ ዓይነት ዘፈን ዕድሜ ዕዳ አይደለም፤ ሀብቱ ነው። ይህን እንድታምኑኝ ሦስት ሰው ልጥራ።

ኬ.ቲ. ኦስሊን የምትባል አሜሪካዊት የካንትሪ ዘፋኝ ነበረች። ለዓመታት ለማስታወቂያ ስትዘፍን የኖረች ሴት ናት። ስሟን ያስጠራው አልበም በ1987 እ.ኤ.አ. ሲወጣ አርባ አምስት ዓመቷ ነበር። ሰው የወደደላት ደግሞ ስለ ዕድሜ እኩዮቿ ሴቶች የጻፈችውን ዘፈን ነው፤ ልጅነታቸውን፣ ትዳራቸውን፣ ፍቺያቸውን። የኬፕ ቨርዴዋ ሴዛሪያ ኤቮራ በተወለደችበት በሚንዴሎ ቡና ቤቶች ስትዘፍን ኖራ፣ ለአሥር ዓመት ያህል ጭራሽ አቁማ ነበር። ፓሪስ ሄዳ ዓለም የሰማትን ሥራ የጀመረችው በአርባዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ግራሚ አገኘች።

ሦስተኛው የኛው ኃይሉ መርጊያ ነው። ከዋልያስ ባንድ ጋር አዲስ አበባ ሂልተን የተጫወተ ሰው ነው። አሜሪካ ሄዶ ዋሽንግተን አካባቢ ለረጅም ጊዜ ታክሲ ነዳ። በ1985 እ.ኤ.አ. የቀዳው ካሴት በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው። በ2018 እ.ኤ.አ. አዲስ አልበም ሲያወጣ ሰባ ዓመት አልፎት ነበር። እኔን ግን ከዝናው ይልቅ አንድ ሌላ ነገር ይገርመኛል። ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ያወጣና ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይለማመድ ነበር። ዕድሉ ሲመጣ እጁ አልደነዘዘም።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለባችሁ ነገር ኪይ ነው፤ ዘፈኑ የሚዘፈንበት የድምፅ ከፍታ ማለት ነው።

የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሴት ድምፅ ወፈር፣ ዝቅ ይላል። የሆርሞን ለውጥ ነው እንጂ በሽታ አይደለም። የወንድ ድምፅ ደግሞ ሲያረጅ በተቃራኒው ሊቀጥን ይችላል። ስለዚህ በሃያ ዓመታችሁ የምትዘፍኑትን ዘፈን በዚያው ከፍታ ልዝፈን ካላችሁ አንገታችሁ ይገታተራል፣ ሰው የሚሰማው ትግላችሁን ነው። ክራር የሚያስጠናኝ ልጅ ገና የመጀመሪያውን ስንኝ ሳሰማው አስቆመኝ። «ማዘር፣ እርስዎ ወደ ክራሩ አይውጡ። ክራሩ ወደ እርስዎ ይውረድ» አለኝ።

መቃኛዎቹን አንድ በአንድ አላላቸው። ክሩ ከልክ በላይ ሲላላ ይንዘረዘራል፣ ድምፁም ይሞታል። ስለዚህ የነበሩትን አውጥቶ ወፈር ያሉ ክሮች አሰረበት። አውራ ጣቱን እያሳረፈ ትንሽ ጎተተ፣ ሰማ፣ እንደገና ጎተተ። ከዚያ ትዝታን ቃኝቶ «በሉ» አለኝ። አንገቴን ሳልገትር ከደረቴ ወጣ። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ስደርስ ትንፋሽ ተርፎኝ ነበር። ያን ቀን ነው ይሆናል ያልኩት።

እናንተም ሌላ ነገር ከማድረጋችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ክራር ወይም ኪቦርድ የሚችል ሰው ፈልጉ። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ አንድ አንድ ዘፈን መርጣችሁ ምቹ ከፍታችሁን አግኙ። በሁሉም ቅኝት አንድ ዓይነት አይሆንም። እኔ ለአምባሰል ከሌሎቹ ይልቅ ዝቅ ያለ እፈልጋለሁ። የእያንዳንዱን ዘፈን ኪይ ደብተር ላይ ጻፉ። አዲስ ባንድ ጋር ስትቆሙ ኪቦርዲስቱ የሚጠይቃችሁ የመጀመሪያ ጥያቄ «በምን ኪይ?» ነው። ቶሎ የመለሰ ሰው ወዲያው ይከበራል። «እንደመጣ» ካላችሁ በወጣቷ ዘፋኝ ኪይ ይጀምሩላችኋል፣ ከዚያ አለቀላችሁ።

ጉሮሮን በተመለከተ ጥቂት ነገር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ትንፋሽ ያጥራል። በበጋ ደግሞ አየሩ ደረቅ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ጉሮሮ ይሰነጠቃል። ውኃ መድረክ ላይ ብቻ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ጠጡ። ከሥራ በኋላ እኩለ ሌሊት ላይ ጥብስ ወይም ክትፎ በልታችሁ አትተኙ። የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ይወጣና ጠዋት ድምፃችሁ ጎርናና ሆኖ ትነሳላችሁ። ዘፋኞች «ብርድ መታኝ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ጉንፋን ሳይኖር ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ መጎርነን ካለ ግን ዝንጅብልና ማር ላይ አትቆዩ፤ አንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ቤተሰብ። ይህን አልፎ መሄድ አይቻልም፣ በተለይ ለሴት። እህቴ «በዚህ ዕድሜሽ አዝማሪ ልትሆኚ?» አለችኝ። ልጄ ደግሞ «እማዬ፣ ሰው ምን ይላል?» አለ። አዝማሪ የሚለውን ስም እንደ ስድብ የሚወረውሩ ሰዎች ዛሬም አሉ። እኔ ግን አዝማሪ ለዚህ አገር ምን እንደሠራ አውቃለሁ። ጋዜጣ ባልነበረበት ዘመን የሹሙን ግፍ ፊት ለፊት በቅኔ የተናገረው እሱ ነው። አልተከራከርኩም። ልጄን አንድ ዓርብ ይዤው ሄድኩ፣ ከፊት አስቀመጥኩት። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የሚያመጣኝ እሱ ነው። እህቴ እስካሁን አልመጣችም። ቅዳሜ ጠዋት ግን ስትደውል «እንዴት አመሸሽ?» ብላ ትጠይቃለች። ሁሉም ሰው እስኪስማማ አትጠብቁ።

ስለ ቤቶቹ ልንገራችሁ። ሁለት ዓይነት ናቸው። የባህል ምግብ ቤት አለ፤ ሙሉ ባንድ፣ ተወዛዋዦች፣ የውጭ እንግዳ፣ የተወሰነ ፕሮግራም። እዚያ ሰዓት ይከበራል፣ ክፍያውም ቁርጥ ነው። ነገር ግን ከየብሔረሰቡ ዘፈን እንድትችሉ ይፈለጋል፣ ቋንቋውንም አስተካክሎ መጥራት ግድ ነው። ሌላው አዝማሪ ቤት ነው። ጠባብ ነው፣ ጭስ አለው፣ ከተመልካቹ ጋር ጉልበት ለጉልበት ነው የምትቀመጡት። እዚያ ዋናው ነገር ግጥም ነው። እንግዳው «ተቀበይ!» ይላል፣ ስንኝ ይወረውራል፣ እናንተ በዜማ ትመልሱለታላችሁ። እኔ ሥራ የተማርኩት እዚያ ነው። አንድ ማታ ጥግ ላይ የተቀመጠ ጎረምሳ ብርሌውን አንስቶ እንዲህ አለ፦

«ተቀበይ! ጠጅ ሲቆይ ነው የሚጣፍጥ አሉኝ፣
ይህቺ የኛ ዘፋኝ የስንት ዓመት ናት በሉኝ።»

ቤቱ ሳቀ። ማሲንቆው አላቆመም፣ ያን አንድ ዙር እንደ መተንፈሻ ሰጠኝ። የሱን ስንኝ ሳልቀንስ ሳልጨምር አዜምኩለት፣ ሕጉ እንደዚያ ነው። ቀጥዬ የራሴን ጣልኩ፦

«የጠጁ ዕድሜ ምን ይሠራልሃል፣
ብርሌውን ያዘው፣ እሱ ይነግርሃል።»

ጎረምሳው ተነስቶ ግንባሬ ላይ ብር ለጠፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ቤት ቀኔን አልነሳኝም። ይህን የምነግራችሁ እኛ በዕድሜ የገፋነው እዚህ ላይ ከወጣቶቹ ስለምንበልጥ ነው። የሠርጉን፣ የለቅሶውን፣ የሽለላውን ስንኝ ስንሰማ ኖረናል። ሆዳችን ሙሉ ነው። የእናቶቻችሁን ስንኞች አሁኑኑ ጻፏቸው። እየተረሱ ነው።

ሽልማት ካነሳሁ አይቀር፣ ከመጀመራችሁ በፊት ተነጋገሩበት። አንዳንዱ ቤት የሚለጠፈውን ብር አንድ ላይ ሰብስቦ ለባንዱ ያካፍላል። ሌላው ለዘፋኙ ይተወዋል። ሦስተኛው ቤት ደግሞ ባለቤቱም ድርሻ አለኝ ይላል። ሳትጠይቁ ከጀመራችሁ ጠብ የሚነሳው በዚህ ነው። የማታ ትራንስፖርትም እንደዚያው። ሥራ የሚያልቀው ከሌሊቱ ሰባትና ስምንት ሰዓት ነው። በስልክ የሚጠራውን ታክሲ፣ ራይድ ወይም ፈረስ፣ ማን ይከፍላል? እኔ በክፍያዬ ላይ አስጨምሬዋለሁ። በኔ ዕድሜ ያለች ሴት በዚያ ሰዓት መንገድ ዳር አትቆምም።

ካዛንቺስ የአዝማሪ ቤቶች ሠፈር ነበር። በ2017 ሠፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲነሳ ቤቶቹም ተበተኑ። ከዚያ በፊት በ2016 የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ብዙ ሙዚቀኛ በአንድ ወር ውስጥ ሥራ አጥቷል። እኔ የተረፍኩት የባለቤቶቹን ሳይሆን የሙዚቀኞቹን ስልክ ይዤ ስለነበር ነው። ማሲንቆ ተጫዋቹ አዲስ ቤት ሲገባ ደወለልኝ። የከበሮ መቺዋ ሠርግ ስታገኝ አስጠራችኝ። ከሙዚቀኛ ጋር ያላችሁን ወዳጅነት ጠብቁ፤ በሰዓት ተገኙ፣ ሲታመሙ ጠይቁ፣ ከነሱ ድርሻ ላይ አትሻሙ። እናትነታችሁ እዚህም ዋጋ አለው። ልጆቹ ሲርባቸው ዳቦና በሶ ይዤ እሄዳለሁ፣ እነሱም በሠርግ ላይ ወንበር ሳይፈልጉልኝ አይጀምሩም።

ገቢው ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም። ከጥምቀት በኋላ ያለው ጥር ሠርግ በሠርግ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ገበያው ይደርቃል፤ 55 ቀን ነው። ብዙ ቤት ሙዚቃ ይቀንሳል፣ እኔም በጾሙ አልዘፍንም። ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያና ግንቦት እንደገና ይሟሟቃል። ስለዚህ የጥርን ገንዘብ በጥር አትጨርሱ። ጾሙን ለልምምድና ለግጥም አድርጉት። የኔ ዘፈኖች ሁሉ የተሠሩት በዚያ ወቅት ነው።

ቀረጻን በተመለከተ ሰፋ አድርጌ ልናገር፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነውና።

አንድ አሳታሚ ድምፄን ሰምቶ ወደደው። ከዚያ «ክሊፑ ላይ ግን ወጣት ልጅ ብናደርግ» አለኝ። በኔ ድምፅ የሌላ ሰው ከንፈር ሊንቀሳቀስ ነው። ዘፈኑ ስለ እናቴ እንዝርት ነው። እንዲህ ይላል፦

«ጥጡ አለቀ ብዬ እንዝርቴን ባኖረው፣
የቀረኝ ፈትል ነው ልቤን የሚያስረው።»

ይህን የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ አፏን እያንቀሳቀሰች ማን ያምናታል? እምቢ ብዬ ወጣሁ። በራሴ ገንዘብ፣ በክራርና በማሲንቆ ብቻ አስቀረጽኩት። ሙሉ ባንድ ስላልነበረ የአቀናባሪውና የስቱዲዮው ወጪ ቀለለ። በክሊፑ ላይ እኔው ነኝ፤ ሽበቴን አልሸፈንኩም፣ እንዝርቱም የእናቴ ነው። ሰው የወደደው ይህንኑ ነው። ከአስተያየቶቹ ውስጥ «እናቴን አየኋት» የሚለው ይበዛል።

ግጥምና ዜማ ከሌላ ሰው ስትገዙ በቃል አትስማሙ። በ1996 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 አለ፣ በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። እናንተ የከፈላችሁት ለአንድ ቅጂ ነው ወይስ ለዘለዓለም? መድረክ ላይ ብቻ ነው ወይስ ለዩቲዩብም? ሌላ ሰው ቢጠቀምበትስ? እነዚህን በወረቀት አስፍሩ፣ ስምና ፊርማ ይኑረው፣ ምስክር ይፈርም፣ ቀን ይጻፍበት። ከደራሲው ጋር ወዳጅ ብትሆኑም ጻፉ። ነገ ልጆቹ ወዳጅ ላይሆኑ ይችላሉ። በዕድሜ ስለገፋን የኛም ወራሾች ይህ ወረቀት ያስፈልጋቸዋል። የኔ ውል በሁለት ቅጂ ነው፣ አንዱ ልጄ ጋ ተቀምጧል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ መሆኔ እዚህ ላይ ጠቅሞኛል።

ከሕዝብ የተወረሰ ዜማ ሲሆን ደግሞ «ዜማ፦ የሕዝብ» ብላችሁ ጻፉ። ግጥሙን እናንተ ከጨመራችሁበት ግጥሙን በስማችሁ አድርጉ። የሕዝቡን ዜማ የራሴ ነው ብሎ ማስመዝገብ ነውር ነው፣ ጠብም ያመጣል። ከየት አካባቢ እንደሰማችሁት፣ ከማን እንደተማራችሁት ብትናገሩ ክብር ይጨምርላችኋል። እኔ ከእናቴ የሰማሁትን ዘፈን ሁሉ መድረክ ላይ ከመጀመሬ በፊት አገሯን እጠራለሁ።

መድረክ ላይ አቋቋም ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ፒያሳ ሀገር ፍቅር ቴአትር አለ፣ ከ1927 ጀምሮ ያለ ቤት ነው። ቁልቁል ስትወርዱ ብሔራዊ ቴአትር አለ። የባህል ሙዚቃ ዝግጅት ሲኖር ግቡና የአንጋፋዎቹን እጅና ዓይን ተመልከቱ። አስናቀች ወርቁ ተዋናይም ክራር ደርዳሪም ነበረች፤ የዘፈን ቅጂዎቿን ስትሰሙ ቃሉን እንዴት እንደምትናገረው ልብ በሉ። አትቸኩልም። ቃል ትጥልና ክራሩ እንዲመልስላት ትጠብቃለች። ማይክ ስትይዙ አትጩኹ፣ ማይኩ ራሱ ይጮኻል። ሳውንድ ማኑን በስሙ ጥሩት፣ ከመጀመራችሁ በፊት ሰላም በሉት፣ የድምፃችሁን ወፍራም ክፍል እንዳይቆርጥባችሁ ንገሩት። ብዙዎቹ ለቀጭን ድምፅ ነው የሚያስተካክሉት።

ለመጀመር የምትፈልጉ፣ ዓርብና ቅዳሜ አትሂዱ። ቤቱ ሞቅ ስለሚል ማንም አይሰማችሁም። ሰኞ ወይም ማክሰኞ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ እንግዳ ሳይበዛ ሂዱ። ባለቤቱን ሳይሆን ክራር ወይም ማሲንቆ የያዘውን ሰው ጠጋ ብላችሁ አናግሩ። ኪያችሁን ንገሩት። ሁለት ዘፈን ብቻ ጠይቁ። የመጀመሪያው ሁሉም የሚያውቀው ትዝታ ይሁን፣ ቤቱ አብሯችሁ ያንጎራጉር። ሁለተኛው የናንተ ይሁን፣ ከእናታችሁ ወይም ከአያታችሁ የሰማችሁት፣ ሌላ ማንም የማይዘፍነው። ስትጨርሱ ወዲያው አትውጡ። ቁጭ ብላችሁ ሌሎቹን ስሙ፣ አጨብጭቡላቸው፣ ስልካችሁን ሰጥታችሁ ሂዱ። በሚቀጥለው ሰኞ እንደገና ተገኙ።